የሴባስቶፖል ጋሪ

ሴባስቶፖል ከቡና ስኒዬ አጠገብ ተቀምጧል። አፉን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ቁመቱ ከስኒው ብዙም አይበልጥም፤ አንሥቼ መዳፌ ላይ ሳኖረው ክብደቱ አይታወቀኝም። መቅደላ አምባ ላይ ያለው እውነተኛው መድፍ ግን 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። «ሰባ ቶን» የሚሉ ሰዎች አልፎ አልፎ ያጋጥሙኛል፤ ያቺ ዜሮ ለአድናቆት የተጨመረች ትመስለኛለች። ሰባት ቶንም ቢሆን ለሰው ልጅ ጫንቃ ከበቂ በላይ ነው።

የእኔ መድፍ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ነው። 35 ጊዜ ያነሰ ዕቃ ግን በክብደቱ የሚያንሰው 35 ጊዜ ብቻ አይደለም። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም እያንዳንዳቸው ለ35 ስለሚካፈሉ ክብደቱ 42,875 ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህንኑ ትንሽ መድፍ እንደ ታላቁ ከነሐስ ባፈስሰው ኖሮ 163 ግራም ያህል በመዘነ ነበር፤ የአንድ መካከለኛ ብርቱካን ክብደት መሆኑ ነው። ከፕላስቲክ ስለሠራሁት ከዚያም ያንሳል። አንድ ንጉሠ ነገሥት ከነሠራዊታቸው ስድስት ወር ሙሉ የጎተቱትን ጉድ እኔ ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት በሁለት ጣቴ አመላልሰዋለሁ። መድፉ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያላለቀው ጋሪው ነው።

የጦር ተሽከርካሪዎችን አሳንሶ ከፕላስቲክ መሥራት እኛ ዘንድ ብዙ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በሌላው ዓለም የጎልማሶች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ክፍሎቹ በቀጭን የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው በሳጥን ይመጣሉ፤ በምላጭ ይቆረጣሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፣ ፕላስቲኩን ራሱን በሚያሟሟ ፈሳሽ ይጣበቃሉ፣ በመጨረሻም ቀለም ይቀባሉ። 1 ለ35 የሚባለው ልክ ራሱ አመጣጡ ያስቃል። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ መጫወቻ አድርጎ ሲሠራ፣ የታንኩ መጠን የተወሰነው ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ተብሎ ነበር። ሲሰላ 1 ለ35 ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ የዓለም ታንክ ሁሉ የሚሠራበት ልክ የወጣው ከባትሪ ድንጋይ ነው።

ለእኔ የመጀመሪያዋ ሳጥን በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጣች ናት። ብሮንኮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያዘጋጃት ስትሆን፣ ውስጧ ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞብን የመጣው ሲ.ቪ. 33 የተባለው ትንሽ ታንክ ነበር። እውነተኛው ክብደቱ ከሦስት ቶን እምብዛም የማይዘል፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው፤ የእኔ ደግሞ ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር። ያን ታንክ ስገጣጥም አንድ ነገር ታዘብሁ። መትረየሶቹ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የተተከሉ ናቸው። እንደ ሌሎቹ ታንኮች የሚሽከረከር ጉልላት የለውም። ታንኩ ራሱ ካልዞረ በቀር ጎኑንና ጀርባውን መከላከል አይችልም። በታኅሣሥ 1928 የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ደንበጓይና ላይ የዚህ ዓይነት ታንኮችን እንዴት እንደደመሰሰ፣ አርበኞቹ በጎንና በኋላ እየገቡ እንዴት እንደወጡባቸው በታሪክ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። የገባኝ ግን መትረየሱን በሙጫ ስተክል ነው። ዓይን ዘሎት የሚያልፈውን ጣት አይዘለውም፤ እያንዳንዱ ክፍል ከምን ጋር እንደሚያያዝ ካላወቀ ሥራው አይሄድለትማ።

ከዚያ በኋላ ነው ሴባስቶፖልን ያሰብሁት። የተወለድሁት ጋይንት ነው። መድፉ ያለፈው በእኛ ደጅ ነው። ታንክ ከሆነ ጣሊያንም፣ ሩሲያም፣ አሜሪካም ሞልቶላቸዋል፤ በመንኮራኩር ላይ ወጥቶ በአገሬ ላይ የሄደውን የመጀመሪያውን ታላቅ የጦር መሣሪያ ሳልሠራ የሌላውን ብሠራ ነውር መሰለኝ። ሴባስቶፖል በሳጥን ታሽጎ ስላልመጣልኝ ከባዶ መነሣት ነበረብኝ።

መድፉ የተወለደው ጋፋት በነበሩት ባለ እጆች ሙያ ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ወጣቶች፣ እነ ዋልድማየር፣ እነ ዛልሙለር፣ እነ ቤንደር፣ የእጅ ሙያም ስለነበራቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከቱ ይልቅ በእጃቸው ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከዚያው ነበሩ። መጀመሪያ ትናንሽ መድፎች፣ ቀጥሎ ትልልቆች፣ ቀጥሎም ከዚያ የሚበልጡ ፈሰሱ። ንጉሡ አንዱ ሲያልቅ ከእሱ የሚበልጥ ይጠይቃሉ። በ1859 ዓ.ም. የፈሰሰው የመጨረሻው ግዙፍ ስሙን ከሩቅ አገር ተዋሰ። ሴባስቶፖል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በ1854 እና በ1855 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝና ፈረንሳይ ወራት ሙሉ የከበቡት የሩሲያ ምሽግ ነው። ምሽጉ በመጨረሻ መውደቁን እያወቁ ይህን ስም ለመድፍ ማውጣታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ያም ሆነ ይህ ስሙ በሩቁ እንደ ነጎድጓድ ይሰማ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ይህ ይበቃል።

አውሮፓውያኑ በዚያን ጊዜ ነፃ ሰዎች አልነበሩም። ከእንግሊዝ ጋር የተፈጠረው ጠብ ወደ እነሱም ዘልቆ፣ ከጋፋት ተነሥተው በደብረ ታቦር በዓይን ሥር ተቀምጠው ነበር። አብረዋቸው እሳት ያነደዱ፣ ወናፍ የነፉ፣ ሸክላ ያቦኩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የዋልድማየርን ስም የሚያውቅ አንባቢ የእነሱን አንድ ስም እንኳ አይጠራም። እኔም አልጠራም።

መድፉን መሥራቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል ነበር። ሴባስቶፖል አጭርና ወፍራም ነው፤ የገጠር ሙቀጫን ጎኑን አስይዘው ቢያስተኙት እሱን ይመስላል። (የእንግሊዞች ቋንቋ ለዚህ ዓይነቱ መድፍና ለሙቀጫ አንድ ስም ነው ያለው። እኛ መሣሪያውን ከነባዕድ ስሙ «ሞርታር» ብለን ተቀበልነው እንጂ ሙቀጫ ብንለው ከቤታችን አይርቅም ነበር።) ከውኃ ቱቦ ቁራጭ ተነሣሁ፤ በላዩ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበቶች እየደራረብሁ፣ ክፍተቱን በስቱኮ እየሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሁ ቅርጹን አወጣሁለት። ፎቶግራፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት አንድ ስሕተት ሠርቼ አገኘሁ፤ በጣም አለስልሼዋለሁ። የአሸዋና የሸክላ ቅርጽ የነካው ነሐስ እንደ መስተዋት አይለሰልስም። እንደገና በጥርስ ብሩሽ ሙጫ እየነካሁ አሻከርሁት። ቀለሙ ሦስት ቀን ወሰደ፤ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ወርቃማ ጥላ፣ ከዚያ በየስንጥቁ የሚገባ የቀጠነ አረንጓዴ። በዚህ ጊዜ ሥራው አለቀ ብዬ ወዳጆቼን ቡና ጠራሁ።

ቡናው ሳይፈላ አንዱ እንግዳ መድፉን አገላብጦ አየና «በምን ይሄዳል?» አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። መድፉ መቅደላ ላይ አለ፤ የፈለገ ሄዶ ይለካዋል። ጋሪው ግን ዛሬ የለም። እንጨት ነው፤ በስብሷል፣ ነድዷል፣ ተሸንሽኗል። ጋሪዎቹን የሠሩት እነዚያው የጋፋት ባለ እጆች ነበሩ። መንኮራኩር እንደ ልብ በማይታወቅበት አገር፣ ሰባት ቶን የሚሸከም መንኮራኩር። በልቦለድም በተውኔትም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ብዙ ውለናል። የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛን «አንድ ለእናቱ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔት ያነበበ ሰው መድፉን ያውቀዋል፤ ሽጉጡንም ያውቀዋል። ከእነዚህ ሁሉ ንባቦቼ በአእምሮዬ የቀረ አንድም የጋሪ አናጢ የለም። ደራሲዎቹን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ብሆን መንኮራኩሩን ለመቁረጥ ምላጭ እስካነሣሁበት ቀን ድረስ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ «ሄደ» ስል፣ «ሄደ» የሚለው ቃል ምን እንደሚሸከም አላሰብሁም ነበር።

ጉዞው እንዲህ ነው። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። የሚመለሱበት ከተማ እንዳይኖር ያደረጉ ይመስላል። የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር በኩል እየመጣ ነው፤ መቅደላ ደርሰው መድፎቻቸውን አምባው ላይ መደርደር አለባቸው። መንገዱ የጉናን ተራራ ወደ ቀኝ ትቶ በጋይንት ደጋ ይዘልቃል፤ ጨጨሆን አልፎ ወደ ዘቢጥና ቤተ ሖር ይወጣል፤ ከዚያ የጂዳን ሸለቆ ወርዶ፣ ወደ ደላንታ ሜዳ ወጥቶ፣ በሽሎን ተሻግሮ ነው መቅደላ የሚደርሰው። በመጋቢት ደረሱ። ስድስት ወር መሆኑ ነው።

ይህን የአገር አቀማመጥ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የጋይንት ደጋ ወፍራም ጀርባ ያለው እንስሳ ይመስላል። በስተ ሰሜኑ ውኃው ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ በስተ ደቡቡ በስማዳና በታች ጋይንት ገደሎች አድርጎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። እስቴ ከጉና በስተ ደቡብ ነው። ሰው ጀርባውን ይዞ ከሄደ ደህና ነው፤ ግራ ወይም ቀኝ ካለ ቆላ ነው። ወደ ጨጨሆ ሲደረስ ግን ጀርባው ቀጥኖ አንገት ይሆናል። በሁለት ገደል መካከል ያለች አንገት ናት፤ ጋይንትንና ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር የምታገናኘው እሷ ናት። ጨጨሆ መድኃኔ ዓለምን የተሳለመ ሁሉ ይህን ያውቃል። በደርግ ዘመን ከወረታ ወልድያ ያለውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያንም ከዚህች አንገት ሌላ ማለፊያ አላገኙም። መሐንዲስ ቢቀያየርም መሬቱ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ንጉሡ መሐንዲስም ነበሩ፤ የቀን ሠራተኛም ነበሩ። ያዩዋቸው ሰዎች እንደጻፉት ከማለዳ ጀምረው በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ከሠራዊታቸው ጋር ይውሉ ነበር። መንገድ ይሠራል፤ ጋሪዎቹ በተሠራው ላይ ይጎተታሉ፤ ሰፈሩ ይነሣል፤ እንደገና መንገድ ይሠራል። በዙሪያቸው አገሩ ሸፍቷል። ሌሊት ሌሊት የሚከዳው ይከዳል። ጠዋት የሚጎትተው እየቀነሰ፣ የሚጎተተው ግን ያው ሰባት ቶን ነው።

ባለፈው ዓመት ጋሪውን እንደምንም ጨረስሁት ብዬ ከነመድፉ በጫማ ሳጥን አድርጌ ወደ ነፋስ መውጫ ይዤው ሄድሁ። ለእናቴ ላሳያት ነው። ባለአራት መንኮራኩር ጋሪ አድርጌዋለሁ፤ የመንኮራኩሮቹን ዙሪያ በቆርቆሮ ጠፍሬ፣ አራት ገመዶች ከፊት አስሬለታለሁ። ገመዶቹ ከጫማ ክር የተፈተሉ ናቸው፤ የጥንቶቹ ከቆዳ የተገመዱ ስለነበሩ ቡናማ ቀለም ነክሬያቸዋለሁ። አውቶቡሱ የጉናን ግርጌ ሲዞር፣ አጠገቤ የተቀመጡ ወደ ስማዳ የሚዘልቁ አንድ አረጋዊ ሳጥኑን ደጋግመው አዩት።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ? ጫማስ አልመሰለኝም።»

«የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው አባቴ። ሴባስቶፖል።»

ከፈትሁላቸው። እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። መድፉን ብዙም አላዩትም፤ ጋሪውን ግን ገልብጠው ሆዱን ሳይቀር መረመሩት። ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረጉ።

«ገመዱን ሁሉ ከፊት አድርገኸዋል።»

«አዎ አባቴ። የሚጎትቱበት ነው።»

«ዳገቱንስ ይሁን። ቁልቁለቱን ማን ይይዘዋል?»

መልስ አጣሁ። እሳቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ሲያወርዱ ከፊት ሁለት ሰው ብቻ ለመምሪያ እንደሚቆም፣ ጉልበተኛው ሁሉ ከኋላ ሆኖ ገመዱን እየለቀቀ እንደሚያወርድ፣ ከፊት የቆመው ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንደሚሄድ ነገሩኝ። «ወጥቶ የሞተ የለም» አሉ፤ «ሰው የሚሞተው ሲያወርድ ነው።» ሳጥኑን ከድነው መለሱልኝና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጻፍሁትና ያሰላሁት ሁሉ የእሳቸው ጥያቄ ልጅ ነው። የዘመኑ ምስክሮች ሴባስቶፖልን ለመጎተት 500 ያህል ሰዎች ያስፈልጉ እንደነበር ጽፈዋል። ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ለአድናቆት ይነገራል፤ እስቲ በጠረጴዛ ላይ እናሰልፈው። በየሦስት ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ሰባት ቶን ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል ከሁለት ቶን ጥቂት ያልፋል። ለ500 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። የጋሪው ክብደት፣ የአፈሩ ልስላሴ፣ የድንጋዩ እንቅፋት ሲጨመርበት በእጥፍም በሦስት እጥፍም ይበል፤ ለአንድ ጎልማሳ የማይቻል ሸክም አይደለም። እንግዲያው ጭንቁ የጉልበት አልነበረም ማለት ነው። ጭንቁ ከቦታ ነው። 500 ሰው በአራት ገመድ ቢሰለፍ በየገመዱ 125 ሰው ይሆናል። በሰውና በሰው መካከል አንድ ሜትር እንኳ ቢሰጥ ሰልፉ 125 ሜትር ይረዝማል። በእኔ ልክ ሦስት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ጠረጴዛዬ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ጎታቾቹን በትክክል ላሰልፍ ብል መድፉ ከመጻሕፍቴ መካከል ሲቀመጥ የመጀመሪያው ሰው በሩን አልፎ ኮሪደሩ ላይ ይገኛል።

ገመድ ደግሞ ሲወጠር ቀጥ ይላል፤ ባሕርይው ነው። መንገድ ግን በገደል ላይ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይጠማዘዛል። 125 ሜትር የሚረዝም የተወጠረ ገመድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ማዕዘኑን ሊቆርጥ ይሻል፤ መሐል ላይ ያሉትን ሰዎች ወይ ወደ ግድግዳው ያላትማቸዋል፣ ወይ ወደ ገደሉ ይገፋቸዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥምዝ ሰልፉ መፈታት፣ መንኮራኩሩ በድንጋይ መታገድ፣ ገመዱ አቅጣጫ ቀይሮ እንደገና መታሰር አለበት። ከኋላ የሚይዙትም እንዲሁ። ጂዳን በካርታ ላይ የሚያይ ሰው መውረጃና መውጫ ብቻ ያያል፤ እኔ ግን አሁን የማየው መታገጃ ድንጋዮችን ነው። ንጉሡ በየቀኑ ድንጋይ ያነሡ ነበር የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላውቅም። ለመንገዱ ንጣፍ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። መንኮራኩር ሥር የምትገባውን ድንጋይ በትክክለኛዋ ቅጽበት የሚያስገባው ሰው ማን እንደነበር ከእንግዲህ ሳላስብ አላልፈውም።

እንግሊዞች በበኩላቸው ይህን ጭንቅ በሌላ መንገድ ፈቱት። ጄኔራል ናፒየር ከሕንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ነበር፤ አርምስትሮንግ የተባሉት መድፎችና ከባዶቹ ሞርታሮች በዝሆን ጀርባ ተጫኑ፤ ቀላሎቹ የተራራ መድፎች በበቅሎ። የባቡር ሐዲድ ይዞ የመጣ፣ በኢንዱስትሪ ዓለምን የሚመራ መንግሥት መድፉን በእንስሳ ጫነ፤ መንኮራኩር በማይታወቅበት አገር የነገሡት ንጉሥ መድፋቸውን በመንኮራኩር ጎተቱ። የማን ብልኀት በለጠ ብሎ ለመፍረድ ውጤቱን ማየት ይበቃል፤ ልቤ የሚያደላው ግን ወዴት እንደሆነ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። የናፒየር ጦር በዋድላ በኩል መጥቶ ቤተ ሖር ሲደርስ ከቴዎድሮስ መንገድ ጋር ተገናኘ። ዝሆኖቹም፣ በቅሎዎቹም፣ ወታደሮቹም የጂዳን ሸለቆ የወረዱትና ወደ ደላንታ የወጡት በዚያው ነው። ለሴባስቶፖል የተጠረገው ጎዳና የሴባስቶፖልን ጠላት አደረሰ። መኰንኖቹ የመንገዱን ሥራ አድንቀው ጽፈዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዎቹ። ጋሪውን አፍርሼ እንደገና ስሠራ፣ ከኋላው የሚይዙትን ሰዎች ከሽቦና ከሁለት ቅልቅል ሙጫ እየቀረጽሁ ማስቀመጥ ጀመርሁ። አንድ ሰው ከአምስት ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያንሳል። እነማን እንደሆኑ ሳላውቅ ልብሳቸውን መቀባት አልቻልሁም። ወታደሮች ናቸው? አዎ። ሰፈሩን ተከትለው የሚጓዙ ሴቶችስ? ስንቁንና ድንኳኑን ማን ይሸከማል? እስረኞችስ? ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት የሚጓዙ እስረኞች እንደነበሩ የታወቀ ነው፤ መቅደላ ከደረሱ በኋላም፣ ከእሮጌ ውጊያ በፊት በነበረው ቀን፣ ከእነዚያ እስረኞች ብዙዎቹ እስላምጌ ላይ ተገድለው ወደ ገደል ተወርውረዋል። ይህን ስናገር አንድ ገጣሚ ወዳጄ አኮረፈኝ። «ታላቁን ሰው በሰንሰለት ልታጎድፈው ነው?» አለኝ። «አንተ የጋይንት ልጅ ሆነህ?»

የጋይንት ልጅ በመሆኔ ነው እንጂ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በጌምድርን እንዴት እንዳደረጉት አልተደበቀም። ጎንደር በ1859 ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች፤ አብያተ ክርስቲያኗም አልቀሩላትም። የገበሬው መንደር ነድዷል። ሠራዊቱ በጋይንት ደጋ ሲያልፍ ወቅቱ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ እህል የሚያሸትበትና የሚታጨድበት ጊዜ። መድፍ ጎታቹ ምን በልቶ ጎተተ? ከማን አውድማ? አያት ቅድመ አያቶቼ በየትኛው ወገን እንደነበሩ የነገረኝ የለም። ምናልባት ከገመዱ ላይ አንዱ ነበሩ፤ ምናልባት እህላቸውን በጉድጓድ ቀብረው ከብታቸውን ወደ ስማዳ ቆላ ነድተው ከዋሻ ሆነው የመድፉን መንጓጓት ይሰሙ ነበር። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ንጉሡንም እወዳቸዋለሁ፤ ይህ አፍቃሪዎቻቸው እንደሚያስቡት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠላቶቻቸው እንደሚያስቡት ከባድም አይደለም። ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፤ ሰባት ቶን በአየር ላይ አልሄደም።

በሰንሰለት የታሰረ ሰው መቅረጽ አለብኝ ወይስ የለብኝም የሚለውን ለብዙ ወራት ተሟገትሁበት። ከሰንሰለቱ ይልቅ የከበደኝ አቋሙ ነበር። ገመድ የያዘ እስረኛ እንዴት ይቆማል? ሰባት ቶን ቁልቁል ሲሄድ ከኋላ የሚይዝ ሰው ንጉሡን ቢጠላም ገመዱን መልቀቅ አይችልም፤ ከለቀቀ ከፊት ያለው ወንድሙ ይጨፈለቃልና። ይህን ካሰብሁ በኋላ እስረኛውንም ወታደሩንም አንድ ዓይነት አቋም ሰጠኋቸው። ልዩነቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ለማያይ አይታይም። ወዳጄ መጥቶ አይቶታል። ምንም አላለም፤ ቡናውን ግን ሦስተኛውን ጠጥቶ ነው የሄደው።

የቀረው ታሪክ ለሁሉ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ፋላ ላይ ከተጠመዱት ትልልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያ ተኩሱ ፈነዳ። በማግስቱ ማግሥት ፋሲካ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባው ላይ ወጡ፤ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። መጻሕፍቱና ዘውዱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወረዱ። ሴባስቶፖል ግን ለዘራፊም ከብዶ እዚያው ቀረ። ስድስት ወር ያስለቀሰ ክብደቱ በመጨረሻ የጠቀመው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያ ተሠርቶለታል፤ እውነተኛው ከአምባው አልወረደም።

ጋሪውን ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ጊዜ አፍርሼዋለሁ። የአሁኑ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አራት ገመድ አለው። መንኮራኩሮቹ ከመጀመሪያዎቹ ይሰፋሉ፤ በለሰለሰ አፈር ላይ ቀጭን መንኮራኩር እንደ ማረሻ ይሰምጣል። ቦታው ቁልቁለት ነው፤ ከጣውላ ላይ በጋዜጣና በስቱኮ የሠራሁት የጂዳ አንድ ጥምዝ። መድፉን ትክክለኛ ቦታው ላይ ሳስቀምጠው ሁልጊዜ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ከመንኮራኩሩ ሥር ጠጠር አድርጌለታለሁ፤ ጠጠሯን ያመጣሁት ከነፋስ መውጫ ነው።

እስካሁን 61 ሰው ጨርሻለሁ። አርባ ስምንቱ ከኋላ ናቸው። ስማዳ የወረዱትን አረጋዊ ስማቸውን ሳልጠይቅ መለያየቴ ይቆጨኛል፤ ፊታቸውን ግን ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ ዞሮ ለሚሄደው መሪ ሰጥቼዋለሁ። ትናንት ማታ ያለቀው ሰው ከኋለኞቹ ነው። ተረከዙን አፈር ውስጥ ቀብሮ ወደ ኋላ ተለጥጧል፤ አፉ ተከፍቷል። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለሆነ ገመዱን አላስያዝሁትም።